«ቀጭ» ሲል ፈነዳ? የአከርካሪ ሲስትና ካይሮፕራክቲክ፤ እውነት ወይስ ተረት?

የኤምአርአይ ውጤት ሙሉ ገጽ ጽሑፍ ይዞ ቢመጣም የታማሚው ዓይን የሚተከለው አንድ ቃል ላይ ነው፤ «ሲስት»። የሐኪሙ ቀጠሮ እስኪደርስ ዘመድ ይማከራል። አክስት «ማንም እጁን እንዳያሳርፍብህ» ትላለች። ጓደኛ ደግሞ «እኔ የምሄድበት ካይሮፕራክተር አለ፤ ሁለት ቀን ቀጭ ቀጭ አድርጎ ገላገለኝ» ይላል።

አሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የጓደኛው ምክር እንግዳ አይደለም። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሾፌር ወገቡ ይያዛል፤ መኪናው የተገጨበት ሰውም ጠበቃ በያዘ ማግስት ካይሮፕራክተር ጋ ሊላክ ይችላል። የአረጋውያኑ መድን ሜዲኬር ሳይቀር ካይሮፕራክተሩ አከርካሪን በእጁ ሲያስተካክል ይከፍላል። ሕክምናው የጓዳ ሳይሆን የአደባባይ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ማን ነው ልክ፣ አክስት ወይስ ጓደኛ? እንደኔ ሁለቱም ጥያቄውን ዘለውታል። «ሲስት ላለበት ሰው ካይሮፕራክቲክ ደህና ነው ወይ?» ተብሎ በጥቅሉ ሲጠየቅ መልስ የለውም። መልስ የሚኖረው የትኛው ሲስት እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ካይሮፕራክተሩም በእጁ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ከታወቀ በኋላ ነው።

ተረት፦ ሲስት ሁሉ አንድ ነው

እውነት፦ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች ከመሆናቸው በቀር የአከርካሪ ሲስቶች እርስ በርስ ዝምድና የላቸውም። የበቀሉበት ቦታ፣ የያዙት ፈሳሽ፣ የሚጫኑት ነገር ሁሉ ይለያያል።

ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ በብዛት የምናየው ሲኖቪያል ሲስት የሚባለውን ነው። የአከርካሪ አጥንቶች ከኋላ በኩል በትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይያያዛሉ። መገጣጠሚያው ሲያረጅና ማቀፊያው ሲላላ፣ ቆዳው የተቀደደ ኳስ ውስጡ ያለው ላስቲክ በቀዳዳው እንደሚያብጥ፣ ውስጠኛው ሽፋን ፈሳሹን እንደያዘ ወደ ነርቮቹ መተላለፊያ ይወጠራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ነው። እግር ላይ የሚወርድ፣ ሲቆሙና ሲራመዱ የሚብስ፣ ቁጭ ሲሉ ወይም ጎንበስ ሲሉ የሚቀል ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ሲኖቪያል ሲስት አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ችግር ምልክት ነው። ከበስተጀርባው የላላ መገጣጠሚያ፣ አንዳንዴም ከቦታው ወደ ፊት የተንሸራተተ አጥንት ይኖራል። ስለዚህ ስለ ከረጢቱ መጠን ብቻ መጨነቅ አይበቃም፤ ያ የአከርካሪ ክፍል ጸንቶ ቆሟል ወይስ ይንሸራተታል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀድሞውኑ ከልክ በላይ የሚንቀሳቀስን መገጣጠሚያ በፈጣን ግፊት ይበልጥ ማንቀሳቀስ ምን ጥቅም እንዳለው ለእኔ አይገባኝም። የካይሮፕራክቲክ መመሪያዎችም ቢሆኑ ይህን አይመክሩም።

ታርሎቭ ሲስት ሌላ ነው። አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ኢሳዶር ታርሎቭ እ.ኤ.አ. በ1938 የገለጸው ሲሆን፣ ያገኘውም ሞንትሪያል ውስጥ አስከሬኖችን ሲመረምር ነበር። ቦታው በብዛት ሳክረም ላይ ነው፤ ከወገብ በታች፣ ከጭራ አጥንት በላይ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ማለት ነው። ከረጢቱ የሚፈጠረው በነርቭ ሥር ሽፋን ውስጥ ሆኖ የሚሞላውም አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን በሚያጥበው ፈሳሽ ነው። ግድግዳው ራሱ የነርቭ ክሮች አሉበት። በሴቶች ላይ ይበዛል። ዓመታት ሲያስቆጥርና ሲተልቅ ዙሪያውን ያለውን አጥንት እየቦረቦረ ሊያሳሳው ይችላል። አጥንቱ በሳሳበት ቦታ ላይ ደግሞ በክብደት መጫን ጥበብ አይደለም።

አራክኖይድ ሲስት ከህብለ ሰረሰር ሽፋኖች ይበቅላል፤ በብዛት የሚታየው በደረት ከፍታ ላይ ነው። ይህ ከፍታ ትርጉም አለው። ህብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ያለ ሲስት የሚጫነው የተበታተኑ የነርቭ ሥሮችን ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግን ዋናውን ግንድ ይጫናል። በአንገትና በደረት በኩል ያለ ትንሽ ሲስት ወገብ ላይ ካለ ትልቅ ሲስት የበለጠ የሚያሰጋውም ለዚህ ነው።

ከሁሉም ለየት የሚለው ሲሪንጎማይሊያ ነው። ከረጢቱ ያለው እዚያው ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚከሰተው የአንጎል የታችኛው ጫፍ ከራስ ቅል ወደ አንገት ቦይ ሲወርድ፣ ቺያሪ ከሚባለው የአፈጣጠር ችግር ጋር ነው። የሕመምና የሙቀት ስሜት የሚያስተላልፉትን መስመሮች ስለሚጎዳ፣ ሰውየው ምጣድ ነክቶ እጁ ሲቃጠል ላይታወቀው ይችላል። ቁስሉን የሚያየው በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «አንገቴን ያዘኝ» ብሎ ካይሮፕራክተር አልጋ ላይ ቢተኛ አደጋው ግልጽ ነው።

በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚታየው አኑሪዝማል ቦን ሲስት ደግሞ በደም የተሞላ ነው፤ አጥንቱን ከውስጥ ቦርቡሮ ቅርፊት ብቻ ያስቀረዋል። በቀላል ግፊት ሊሰበር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ካይሮፕራክቲክ ሥልጠናና ደህንነት ባወጣው መመሪያ የአከርካሪ የእጅ ማስተካከያ የማይደረግባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። ሲሪንጎማይሊያ እዚያ ውስጥ በስሙ ተጽፏል። አኑሪዝማል ቦን ሲስት፣ የላይኛው አንገት ቺያሪ፣ የአከርካሪ ቲቢ፣ የአከርካሪ አለመጽናት ምልክቶችም አሉበት። በእነዚህ ላይ ክርክር የለም፤ የአክስት ምክር ትክክል ነው። ታርሎቭና ሲኖቪያል ሲስት ግን እንዲህ በስም የተዘጋባቸው በር የለም። ውሳኔው የሚያርፈው የተጫኑት ነርቭ መኖር አለመኖሩ ላይና በአጥንቱ ጽናት ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚገኘውም እዚህ መሀል ላይ ስለሆነ የቀረው ጽሑፍ በአብዛኛው ለእነሱ ነው።

ተረት፦ «ቀጭ» ያለው ሲስቱ ሲፈነዳ ነው

እውነት፦ ድምፁ ከሲስት ጋር አይገናኝም፤ አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ የሚሰማም አይደለም። መገጣጠሚያ በፍጥነት ሲለጠጥ ውስጡ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ክፍተት ይፈጠራል፤ ጋዝም እዚያ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በጣት መገጣጠሚያ ላይ፣ ኤምአርአይ ውስጥ ጣት እየሳቡ በዓይን አሳይተዋል። ሁሉም ነገር የሚያልቀው ከአንድ ሰከንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ነው። ሲስት የሌለበት የሃያ ዓመት ወጣት ጣቱንም ቢያንቋቋ ያው ድምፅ ይወጣዋል።

ተረቱ ግን ከባዶ አልተነሣም። ሲኖቪያል ሲስትን ሆን ብሎ ማፈንዳት በእርግጥ ያለ ሕክምና ነው። የሚሠራው ግን ሐኪም ነው። በምስል እየተመራ መርፌ ወደ መገጣጠሚያው ያስገባል፤ ስቴሮይድና ፈሳሽ ይሞላበታል፤ ከረጢቱ በግፊቱ ይቀደዳል። ከታከሙት ከፊሎቹ ከቀዶ ሕክምና ይድናሉ፤ ሌሎቹ ሲስቱ ይመለስባቸውና መጨረሻቸው ቀዶ ሕክምና ይሆናል። መርፌው የት እንዳለ እየታየ፣ ነርቩ የት እንዳለ እየታወቀ የሚሠራን ነገር ከውጭ በመዳፍ ከሚደረግ ግፊት ጋር አንድ ማድረግ አይቻልም።

ሌላም ምክንያት አለ። ሲኖቪያል ሲስት አንዳንዴ ማንም ሳይነካው ራሱ ይቀንሳል፤ ይጠፋልም። በዚያ ሰሞን ካይሮፕራክተር ጋ የሚመላለስ ሰው ምስጋናውን ለካይሮፕራክተሩ ይሰጣል። የወጌሻ፣ የጸበልና የመድኃኒት ባለቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ምስጋና ደርሶታል፤ ምስክርነቱ ከልብ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ካይሮፕራክተሮች ራሳቸው በሙያ መጽሔቶቻቸው ያሳተሟቸው ስለ ሲኖቪያል ሲስት የሚናገሩ ጽሑፎች በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ታማሚ ታሪክ ናቸው። በእነዚያም ውስጥ በ«ቀጭ» ሳይሆን ለስላሳ በሆነ የመሳብ ዘዴ የታከሙ አሉ።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ ሲኖቪያል ሲስት ውስጡ ደም ሊፈስ እንደሚችል ይታወቃል። ያኔ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል፤ ሕመሙም ድንገት ይከብዳል። ይህ ያለ ምንም ምክንያት ሊመጣ ቢችልም፣ ሲስት ያለበትን ቦታ በኃይል ማናወጥን የማልደግፍበት አንዱ ምክንያት ነው።

ተረት፦ ራጅ ተነሥቼ ንጹሕ ነው ተብያለሁ

እውነት፦ ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው። ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ራጅ ላይ አይታይም። ምናልባት ዓመታት የቆየ ሲስት አጥንቱን ቦርቡሮ ከሆነ ጥላው ይታይ ይሆናል፤ ከዚያ ውጪ «ራጁ ንጹሕ ነው» ማለት «ሲስት የለም» ማለት አይደለም። ሲስትን ከነሚጫነው ነርቭ አጥርቶ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው።

ይህን ስል ራጅን ማጣጣሌ አይደለም። ቆመው፣ ጎንበስ ብለውና ቀና ብለው የሚነሡት ራጅ ኤምአርአይ የማይነግረንን ይነግረናል፤ አጥንቱ በእንቅስቃሴ ጊዜ ይንሸራተታል ወይስ አይንሸራተትም? ኤምአርአይ የሚነሣው ተኝተው ስለሆነ ይህን ሊሸሽግ ይችላል። ሲኖቪያል ሲስት ያለበት ሰው ካይሮፕራክተር ጋ ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን በተለይ ስለዚህ ራጅ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ከላይ ያነሣሁት ሜዲኬር ካይሮፕራክተር ላዘዘው ራጅ አይከፍልም፤ ስለዚህ አረጋውያን ምስሉን በሐኪማቸው በኩል ቢያሠሩት ኪሳቸው ብዙም አይጎዳም፤ ውጤቱም ከሕክምና ማኅደራቸው ጋር ይቀመጣል።

ወገቡን ያመመው ሁሉ ኤምአርአይ ይነሣ ማለትም አይደለም። የተለመደ የወገብ ሕመም፣ አስጊ ምልክት ከሌለው፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ምስል እንደማያስፈልገው የሕክምና መመሪያዎች ይስማማሉ። እግር ሲደክም፣ ስሜት ሲጠፋ፣ ትኩሳት ሲኖር፣ ያለ ምክንያት ክብደት ሲቀንስ፣ ካንሰር የነበረበት ሰው ሲሆን ግን መጀመሪያ ምስል፣ ከዚያ በኋላ እጅ።

ተረት፦ ሲስት ከተገኘ ሕመሙ የመጣው ከሱ ነው

እውነት፦ ብዙ ጊዜ አይደለም፤ ይህ ለአክስቲቱ መነገር ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በተከታታይ የተነሡ 500 የወገብ ኤምአርአዮችን ፈትሾ በ23 ሰዎች ላይ ታርሎቭ ሲስት አገኘ። ከእነዚህ ውስጥ ሲስቱ ለሕመማቸው ምክንያት ሆኖ የተገኘው አምስቱ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሲስታቸውን ሳያውቁት ተሸክመው ይኖሩ የነበሩ ናቸው።

ኤምአርአይ ባየው ነገር ሁሉ መደንገጥ ልማድ ሆኗል። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ሲመረመሩ ከሃያ ዓመት ወጣቶች 37 በመቶ፣ ከሰማንያ ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 96 በመቶ የዲስክ ማርጀት እንደታየባቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጥናቶች ጥንቅር አሳይቷል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሁሉ በሽታ አይደለም።

ስለዚህ ሳክረሙ ላይ ትንሽ፣ ነርቭ ያልነካ ታርሎቭ ሲስት ያለባት ሴት፣ ሕመሟ ግን ከላይኛው ጀርባ ጡንቻ መወጣጠር የመጣ ከሆነ፣ ለስላሳ የእጅ ሕክምናና እንቅስቃሴ የሚከለክላት ነገር የለም። ሳክረሙን እስካልተጫኗት ድረስ። ለተለመደ የወገብ ሕመም የእጅ ማስተካከያ ያለው ጥቅምም ቢሆን ልከኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣና 26 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና በቅርቡ የጀመረ የወገብ ሕመም ከመቶ ነጥብ በአማካይ ወደ አሥር ነጥብ ገደማ እንደሚቀንስ አስልቷል። ጥቂት አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። አደጋው ሲመዘን በሌላው ሚዛን ላይ የሚቀመጠው ይህ አሥር ነጥብ ስለሆነ ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። ነርቭ የተጫነ ሲስት ላለበት ሰው ለአሥር ነጥብ ብሎ መድፈር አይገባም።

ታርሎቭ ሲስት በእርግጥ ሕመም ሲያመጣ ግን የራሱ ጠባይ አለው። መቀመጥ ያከብደዋል፤ ሲያስሉ ወይም ሲያምጡ ይብሳል፤ መቀመጫንና ብልት አካባቢን ያማል ወይም ያደነዝዛል፤ ሽንት ላይ ለውጥ ያመጣል፤ ጋደም ሲሉ ይቀላል። ይህ ጠባይ ያለው ሕመም መጀመሪያ መታየት ያለበት በነርቭ ሐኪም ነው።

ተረት፦ ካይሮፕራክቲክ ማለት አንገት መጠምዘዝ ነው

እውነት፦ ሙያው የተጀመረው በግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 አዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ፣ ዲ. ዲ. ፓልመር የተባለ ሰው ሃርቪ ሊላርድ የተባለ መስማት የተሳነው የሕንጻ ጽዳት ሠራተኛን ጀርባ ገፍቶ መስማት እንዲችል አደረግሁ አለ። የመስማት ነርቭ በአከርካሪ በኩል አያልፍም፤ ያም ሆኖ ሙያው ተወለደ፤ ዛሬም ሰው ሁሉ ካይሮፕራክተርን የሚያስታውሰው በዚያው ፈጣን ግፊት ነው።

ዛሬ ግን ክሊኒኩ ውስጥ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ፈጣን ግፊት አለ። ወገብ ላይ በዝግታ የሚሳብ፣ ከመሀል የሚታጠፍ አልጋ አለ፤ ጡንቻ ማሸት አለ፤ የእንቅስቃሴ ሥልጠና አለ። ሲስት ላለበት ሰው በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ካይሮፕራክተር ጋ በመሄድና ባለመሄድ መካከል ካለው ልዩነት ይሰፋል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ የሚጠየቀው «ሲስት ታክማላችሁ?» ተብሎ አይደለም። ምስሉን ራስዎ አይተውታል ወይ? ሲስቱ ያለበት ከፍታ ላይ ግፊት ያደርጋሉ ወይ? ካላደረጉ በምትኩ ምን ያደርጋሉ? ስንት ጊዜ ሞክረን ለውጥ ካላየን ወደ ማን ይልኩኛል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው ባለሙያ፣ ወይም ምርመራ ሳያይ የሰላሳ ቀን ጥቅል የሚሸጥ ቢሮ፣ ሲስት ላለበት ሰው ቀርቶ ለጤነኛም አይመችም። ጥሩ ካይሮፕራክተር ምስሉን አይቶ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ የሚመልስ ነው፤ እንዲህ ያሉም አሉ።

አንገት ላይ የሚደረግ ፈጣን ጥምዘዛ ለብቻው ይታይ። ቺያሪ ወይም ሲሪንጎማይሊያ ላለበት ሰው ጉዳዩ የተዘጋ ነው። ለሌላውም ቢሆን የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ በአንገት ጥምዘዛና በአንገት የደም ሥር መሰንጠቅ መካከል ዝምድና መታየቱን፣ መንስኤና ውጤት መሆናቸው ግን አለመረጋገጡን ገልጾ፣ ታማሚዎች አስቀድሞ እንዲነገራቸው አሳስቧል። ወገቡ ላይ ሲስት ያለበት ሰው «እግረ መንገዴን አንገቴንም» ሲባል እንቢ ማለት ይችላል።

ተረት፦ ያው ወጌሻ ነው፣ የፈረንጅ ወጌሻ

እውነት፦ በሥልጠና አይገናኙም። አሜሪካ ውስጥ ካይሮፕራክተር ከኮሌጅ ቀጥሎ አራት ዓመት ገደማ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ፈቃድ አውጥቶ ይሠራል፤ መድኃኒት ማዘዝም ሆነ ቀዶ ሕክምና ግን ሥራው አይደለም። ወጌሻ ሙያውን የሚወርሰው ከቤተሰብ ነው፤ ምስል አያይም። ወለምታ ያሸላቸው ሰዎች ሲምሉለት መስማት የተለመደ ነው፤ በጠባብ እሠር የተነሣ እጅና እግር የተቆረጠባቸው ታማሚዎችም በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ታይተዋል። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፤ የሁለቱም እጅ ከቆዳ በታች ያለውን ሲስት አያይም።

ሀገር ቤት ላለ አንባቢ ደግሞ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለ። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው የዓለም ሠላሳ ሀገራት አንዷ ናት፤ ቲቢ ደግሞ አከርካሪን ይወዳል። የአከርካሪ ቲቢ የሚያጠራቅመው መግል በምስል ላይ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ አጥንቱ ግን እየተበላ ነው። ለወራት የቆየ የጀርባ ሕመም፣ ከሰዓት በኋላ ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ የሚታሽ ጀርባ አይደለም፤ የሚታከም በመድኃኒት ነው። ከውሻ በሚመጣ የቴፕ ትል የሚፈጠረው ሃይዳቲድ ሲስትም ከብት አርቢ በሆኑ አካባቢዎች አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ጉበትና ሳንባ ላይ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን አከርካሪ ውስጥ ይገባል። ከረጢቱ ከተቀደደ ፈሳሹ ለሕይወት የሚያሰጋ የሰውነት ቁጣ ሊቀሰቅስ፣ ሲስቱም ሊዛመት ይችላል። «ማፈንዳት» የሚለው ተረት በጣም አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ተረት፦ ከታሸሁ በኋላ ሕመሙ ጠፋ፣ ስለዚህ ድኛለሁ

እውነት፦ ሕመሙ ጠፍቶ እግሩ እንደ ወትሮው የሚሠራ ከሆነ መልካም። ከእጅ ሕክምና በኋላ ቦታው ለአንድ ሁለት ቀን ትንሽ ቢያምም የተለመደ ነው፤ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሕመሙ ቀንሶ በምትኩ መደንዘዝ ሲመጣ ነው። የተቆጣ ነርቭ ያማል፤ እየሞተ ያለ ነርቭ ዝም ይላል። እግሩ ከዛሬ ጠዋት ይልቅ ማታ ከደከመ፣ ተረከዙ ላይ መቆም ካቃተው፣ «ሕመሙ ቀለለኝ» ማለቱ የምሥራች አይደለም።

ከሁሉም የሚቀድመው አስቸኳይ ሁኔታ ከወገብ በታች ያሉት ነርቮች በአንድ ላይ ሲጨፈለቁ የሚመጣው ነው። ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው ቦታ፣ ማለትም በብልት፣ በፊንጢጣና በጭን ውስጠኛው በኩል ያለው ይደነዝዛል። ሽንት ይይዛል፤ ፊኛ ሞልቶ እንኳ አልመጣ ይላል ወይም ሳይታወቅ ያመልጣል። ሰገራ መቆጣጠር ያቅታል። ሁለቱም እግሮች ሊደክሙ ይችላሉ። ወንዶች ብዙ ጊዜ የማይናገሩት፣ ድንገት የመጣ የወሲብ ስሜት መጥፋትም ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ካይሮፕራክተሩ ጋ ተደውሎ የነገ ቀጠሮ አይያዝም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። ሰዓታት ልዩነት ያመጣሉ፤ የተጨፈለቁት ነርቮች ቶሎ ካልተለቀቁ ፊኛ ወደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። በር ላይ ተረኛዋን ነርስ «ወገቤን አሞኛል» ብቻ ካሏት ወረፋው ረጅም ነው። «አከርካሪዬ ላይ ሲስት አለኝ፤ መቀመጫዬ ደንዝዟል፤ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሽንት አልወጣልኝም» ይበሏት፤ የኤምአርአዩንም ወረቀት ያሳዩአት።